ሰደፉ የዋንዛ ነው

በልጅነቴ በዋግ፣ በዳህናዋ አምደወርቅ ውስጥ ሁለት ጠመንጃ አይመሳሰልም ነበር። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ውጅግራዎች እንኳ ዳህና ገብተው ሃያ ሠላሳ ዓመት ከቆዩ በኋላ መንታ መሆናቸውን የሚለይ ሰው አይገኝም። የአንዱ አንገት በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። የሌላው ሰደፍ በናስ ምስማር ተዥጎርጉሯል። የሦስተኛው የፊት እንጨት ጭራሽ ተቀይሮ፣ ከሰደፉ ጋር በቀለም የማይገጥም የአገር እንጨት ገብቶለታል። ሰው ከዳገቱ ሥር ብቅ ሲል ፊቱ ሳይለይ ጠመንጃው ይለያል። ዛሬም ከእኩዮቼ ጋር ስንጫወት የሽማግሌውን ስም ረስተን፣ «ያ እንኳ ሰደፉ ላይ መስቀል የነበረበት» ብለን እንግባባለን።

ብረቱ የፈረንጅ ነው። ውጅግራው በፈረንጆች 1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተፋ፣ 11 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። ፈረንሳዮች በ1886 ለበንን ሲሠሩ አሮጌውን ከግምጃ ቤታቸው አወጡት፤ እሱም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመልና በበቅሎ ወደ እኛ ወጣ። ሰናድሩ የእንግሊዝ፣ ቤልጅጉ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጅግ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ በመጽሐፍ ነው። ያኔ የምናውቀው ብረት እንደማይሠራልን፣ እንጨት ግን በእጃችን እንዳለ ነው። አፈሙዙ ቢበላ፣ ቃታው ቢሰበር ሰቆጣ ወይም ከዚያ ወዲያ መሄድ ነው። እንጨቱ ቢሰበር ግን ዳኛውም ሐኪሙም መንደር ውስጥ ነበር።

የጠመንጃ ደካማ ቦታ አንገቱ ነው። ሰደፉ ወደ ቃታው እየቀጠነ ሲመጣ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ማለቴ ነው። እንጨቱ ብረቱን ለማሳረፍ ከውስጥ ተፈልፍሎ ስለሚሳሳ፣ ጠመንጃው ከበቅሎ ቢወድቅ ወይም ባለቤቱ በሰደፍ ሰው ቢመታበት የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው። (ከበቅሎ ወደቀ ተብሎ ለጥገና የመጣው ሁሉ እውነት ከበቅሎ ወድቆ አልነበረም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።)

መድኃኒቱ ጥሬ ቆዳ ነው። በሬ ሲታረድ የጭራው ቆዳ ሳይቀደድ እንደ እጅጌ ተገፎ ይወጣል። እርጥብ እያለ ከሰደፉ በኩል ወደ አንገቱ ይሳባል፤ ጫፉ በጅማት ይሰፋል። ከዚያ ፀሐይ አይነካውም። ፀሐይ ካገኘው ቶሎ ይጨማደድና አፉን ይከፍታል። ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ ለቀናት ይሰቀላል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ስንጥቁን ግራና ቀኝ ይነክሰዋል። አባቴ በየማለዳው በጥፍሩ ቆንጠር ቆንጠር ያደርገው ነበር። ገና ለስላሳ ድምፅ ከሰጠ ትቶት ይሄዳል። አንድ ቀን ደረቅ፣ ከርከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ «ያዘ» ብሎ ያወርደዋል። እንዲያ የተጠፈረ አንገት ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠነክራል ብለው የሚምሉ ነበሩ። ስንጥቅ ሳይኖረው ቆዳ ያለበሱትም አይቻለሁ፤ ላብ ባለው እጅ አያንሸራትትም።

ቆዳ የማይመልሰው ስብራት ሲሆን አዲስ ሰደፍ ይጠረባል። የሚጠርበው የተለየ ባለሙያ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር፣ ዕርፍና ድግር የሚሠራ እጀ ብልህ ገበሬ ነው። አሮጌውን ሰደፍ እንደ ልክ አጠገቡ አጋድሞ በመጥረቢያ ይጀምራል፤ በመሮ ይፈለፍላል፤ በሞረድ ያስተካክላል፤ በመጨረሻ የጠርሙስ ስባሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ ይውላል። ከስባሪው ሥር የሚወጣው ፍቅፋቂ የስስ ወረቀት ያህል ነው፤ እኛ ልጆች እየለቀምን እንጫወትበታለን። ስለ እንጨቱ ግን ትልልቆቹ እንደ ሃይማኖት ይከራከሩ ነበር። ወይራ ይጠነክራል፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ነገር ግን ይከብዳል፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ደግሞ ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ ራሱን በራሱ ይተረትራል። ዋንዛ ቀላል ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፤ ከደረቀ አይጣመምም፤ ጠመንጃው ሲራገጥ ትከሻ ላይ ይለዝባል። አባቴ የዋንዛ ወገን ነበር። «ወይራውን ለዱላ ተዉት» ይል ነበር። የወይራ ወገን የሆነው አጎቴ ደግሞ ጥይት ሲያልቅ ጠመንጃው ራሱ ዱላ መሆኑ አይቀርም ብሎ ይመልስለታል።

ሲጠረብ የባለቤቱ ክንድ ይለካል። የሰደፉ ጫፍ ክርኑ ላይ አርፎ ጣቱ ቃታውን በደንብ ማግኘት አለበት። ፈረንጆቹ ጠመንጃ የሚያበጁት ለወታደሩ ሁሉ በአንድ ቁመት ነውና፣ ክንደ አጭር ሰው የፋብሪካውን ሰደፍ ከኋላ ያስቆርጠዋል፤ ክንደ ረጅም ሰው ቁራጭ እንጨት ያስቀጥልበታል። ዛሬ ባሕር ማዶ ሰደፉ እንደ ሰው ክንድ እየተሳበ የሚረዝምና የሚያጥር ጠመንጃ እንደ አዲስ ጥበብ ሲወራለት ስሰማ የማስታውሰው ያንን መጋዝ ነው።

ከዚያ ቅባት አለ። ቅቤ የሚቀቡ ነበሩ፤ እናቴ አባቴ ቅቤ በጠየቃት ቁጥር «ለጠጉሬ ሲሆን ላሟ ነጠፈች ይባላል» እያለች እያጉረመረመች ትሰጠዋለች። ዋነኛው ቅባት ግን ተልባ ነው። ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ በጨርቅ ይቋጠርና እንጨቱ በእሱ ይታሻል፤ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንጨቱ ጠይም ይሆናል፤ ዝናብም አይጠጣም። የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎችም ሰደፍ የሚቀቡት የተልባ ዘይት መሆኑን ያወቅሁ ዕለት ሳቄ መጣ። እኛና እነሱ ሳንነጋገር አንድ ቅባት ላይ ደርሰን ነበር።

ጥቃቅኑ ብረት ነክ ሥራ ግን የጠይቡ ነው። ሰደፉንና አፈሙዙን የሚያስተሳስረው ቀለበት ሲላላ፣ የማንገቻው ማያዣ ሲወልቅ፣ ምስማሩ ሲፈለግ ወደ እሱ ይኬዳል። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ናስ ስለሆነ አይጣልም። ጠይቡ አቅልጦ ወይም ጠፍጥፎ የሰደፍ ጌጥ ያደርገዋል። ከአንድ ግዳይ የተረፈ ቀለህ ሰደፉ ላይ ተመትቶ ሲቀር ባለቤቱ ለፉከራው ምስክር አገኘ ማለት ነው።

የጠይቡ ቤት ግን ከመንደሩ ራቅ ብሎ ነበር። ቡዳ ነው እየተባለ፣ እኛ ልጆች ቆሎ እየበላን በደጁ እንዳናልፍ ይነገረን ነበር። ባለ ጠመንጃው ጎምለል ብሎ ሄዶ፣ አጥሩ ላይ ቆሞ ይጣራና ዕቃውን ሰጥቶ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ጀግና የሚያሰኘውን ጠመንጃ ያቆመ እጅ ማኅበር ላይ ጽዋ አይቀበልም ነበር። ስለዚያ ዘመን በናፍቆት ከምናወራው ሁሉ ይህን ዘልለን ነው የምናወራው። እኔ ግን የትኛውንም ሰደፍ ሳስታውስ አጥር ላይ የተንጠለጠለውን ያንን ንቀት አብሬ አስታውሳለሁ፤ ክብሩና ንቀቱ አንድ ዕቃ ላይ ነበሩ።

ጠመንጃው ቤት ሲገባም ወግ ነበረው። ከፋይ ወይም አቡጀዲ ልብስ ይሰፋለታል፤ አቧራ እንዳይገባ አፉ በጨርቅ ይወተፋል፤ ግድግዳው ላይ በቀንድ መስቀያ ይሰቀላል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሠርግ ላይ ይተኮሳል። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ለቅሶው መሀል ይዞራል፤ አልቃሽዋም ሟችን ትታ ለጠመንጃው ታለቅስለታለች፤ ማን ያነግትህ፣ ማን ይወልውልህ እያለች። ሰደፉን ወንድ ልጅ ይወርሳል። ወንድማማቾች በመሬት ተካፍለው በሰደፍ ሲካሰሱ አይቻለሁ። በዚያው በሚያምረው ሰደፍ ደም ተመልሷል፤ ሽማግሌዎች ስንት ቀን ወይራ ሥር ተቀምጠው ያበረዱትን ነገር አንድ ምሽት አፍርሶታል። ሰደፍ ላይ ያለ ምስማር ሁሉ የአውሬ ግዳይ አልነበረም።

ዋግ ለጠመንጃ ይህን ያህል የተንሰፈሰፈበት ምክንያት አለው። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1863 ዓ.ም.፣ ዓድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ሲገጥሙ በሰው ብዛት እጅግ ይበልጡ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊም ሠራዊታቸውን አሠልጥኖላቸዋል። የዋጉ ንጉሥ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ካሣ አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ያ ቀን በእኛ ሽማግሌዎች አንደበት እንደ ትናንት ይወራ ነበር፤ «ሰው አላነሰንም፣ ብረት ነው ያነሰን» እየተባለ። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ እዚያው ዓድዋ ላይ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የዋግሹም ጓንጉል ጦር ከምኒልክ ጋር ቆሞ ተዋጋ። አያቴ ከዚያ ዘመቻ የተመለሰ ጠመንጃ ነው እየተባለ የተሰጠውን ውጅግራ እስኪሞት ድረስ ይዞታል። እውነት ከዓድዋ ይሁን ከሌላ፣ ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ ጦርነቱ እደጃፋችን ነበር። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ከሆነው ሽንፈት በኋላ የተበተነው ሠራዊት ጠመንጃ በየገደሉ ወደቀ፤ ያነሣው አነሣ። በማግስቱ ዓመት የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግንና ላስታን አስነሥተው ጠላትን አስጨነቁ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጣሊያን አንገታቸውን ቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለው የአርበኝነት ዘመን ነው ሰደፍ ጠራቢዎቻችንን ያበዛው። ጥይት ከጠላት ይማረካል፤ የተሰበረ ሰደፍ ግን ጫካ ውስጥ የሚተካው በመጥረቢያ ብቻ ነው። ሰደፉ የጠፋ የጣሊያን ጠመንጃ ከአገር እንጨት ተገጥሞለት፣ ሲያዩት ማነው አባቱ የሚያሰኝ ሆኖ የተገኘው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የዚያ ሁሉ ነገር መፍረስ የጀመረው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ነው። መጀመሪያ የተሸጠው ላም ነው፤ ቀጥሎ በሬ፤ ከዚያ የሴቶች ጌጥ። ጠመንጃ መጨረሻ ላይ ወጣ። ነጋዴዎች ከሰቆጣ በኩል መጥተው ሲገዙ ጌጡን ዋጋ አይሰጡትም ነበር። ናሱን፣ ቆዳውን፣ መስቀሉን ገልበጥ አድርገው አይተው፣ «ይኼ ሁሉ የተሰነጠቀ ስለሆነ ነው የለበሰው» ይሉና ከዋጋው ይቀንሳሉ። አባቴ የቤታችንን ጠመንጃ በማሽላ ሰጠ። ማንገቻውን ግን ፈትቶ አስቀረ፤ ገዢው ሲቆጣ «ማንገቻ አልሸጥኩም» አለው። ያ ማንገቻ ኋላ የእህል ስልቻ ማሰሪያ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረ። ጠመንጃው ማን ትከሻ ላይ እንደ ዋለ አልሰማንም።

ቀጥሎ ክላሽ መጣ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ከአሜሪካ የመጣውን ኤም ዋን አንዳንድ ፖሊስና ወታደር ላይ እናየው ነበር፤ እሱም የዋልነት እንጨት ነበረው፤ ሽማግሌዎች በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ያደንቁታል። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ሶቭየት ለደርግ ያጎረፈችው ክላሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰደፉ ከአንድ ግንድ የተጠረበ አይደለም፤ ስስ ስስ የበርች ንጣፎች ተጣብቀው የተሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰደፍ ጠራቢያችን ጫፉን አገላብጦ ንብርብሩን ከተመለከተ በኋላ፣ «ይኼስ እንጀራ ነው» ብሎ መለሰው። ክብደቱ ግን አፉን አስያዘው። ውጅግራው ከአራት ኪሎ በላይ ነበር፤ ክላሹ ሦስት ኪሎ ግድም ነው።

የፊት እንጨቱም ነገር ተቀየረ። ውጅግራ አፈሙዙን ከታች ብቻ ነው በእንጨት የሚደግፈው፤ ከላይ ብረቱ ባዶ ነው። አንድ ተኩሶ ሌላ እስኪያጎርሱት ብረቱ ስለሚበርድ ችግር የለውም። በደቂቃ ስድስት መቶ የመተኮስ አቅም ያለው ክላሽ ግን የፊት እንጨቱ ባይኖር እጅ ያነድዳል፤ ለዚህ ነው ከታችም ከላይም በእንጨት የታቀፈውና መተንፈሻ ቀዳዳ የተበጀለት። ብዙ ሲተኮስበት ያ እንጨት ከውስጥ ይከስላል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋግ ውስጥ ፊቱ የከሰለ ክላሽ ማየት ብርቅ አልነበረም። ጌጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ያ ጠመንጃ የት እንደ ዋለ ይናገራል።

ክላሽን ማንም ምስማር አልመታበትም። ለምን ቢባል የመንግሥት ነዋ! ቁጥር አለው፤ በፊርማ ይሰጣል፤ በፊርማ ይመለሳል። ለአብዮት ጥበቃ ወይም ለሚሊሻ የተሰጠ ሰው ነገ የሚመልሰውን ዕቃ ቅቤ አይቀባም። ጌጡ የጠፋው ሰው ልቡ ስለደረቀ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። የጠፋው ባለቤትነቱ ነው። ኋላ ደርግ ሲወድቅ ጠመንጃው እንደገና በየቤቱ ገባ፤ ግን ገበያ ሆኖ ገባ። ጥያቄው ባለ ሰደፍ ነው ወይስ ታጣፊ ሆነ። ታጣፊው ሰደፉ ብረት ነው፤ ታጥፎ ከሥሩ ይገባል፤ ጋቢ ሥር ይደበቃል። ዋጋውም ይወደዳል። እኔ እስከ ዛሬ ታጣፊውን አልወደውም። ጠመንጃ ተደብቆ የሚያዝ ነገር ሲሆን፣ ያ ከሩቅ የሚለየው ሰውም አብሮ ተደበቀ።

አሁንም ሰው ጠመንጃውን ይነካካል፤ እጁን ከብረት ማሳረፍ አይችልም። ሁለት የጥይት ካርታ አንዱን ዘቅዝቆ በፕላስተር ያጣምራል። ማንገቻውን በዶቃና በቀለም ክር ያስጌጣል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ሲያዳርስ ከየአቅጣጫው ከተረፈው መሣሪያ መካከል ደግሞ ሰደፉም፣ እጀታውም፣ የፊት መያዣውም ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ ታየ። ሕጉም አብሮ ጠብቋል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጉዳዩን በፈቃድና በምዝገባ አስሮታል። ባሕር ማዶ ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። አሜሪካኖች በፈረንጆች 1995 ፒካቲኒ ለሚባለው ጥርስ ጥርስ ያለው ሐዲድ አንድ ወጥ ልክ ካወጡለት ወዲህ፣ ከየትኛውም ሱቅ የተገዛ መነጽር፣ መብራትና እጀታ ሳይለካ ይገጥማል። የክላሽም ዕቃ እንዲሁ ሆኗል። ጠራቢ የለም፤ ክንድ የሚለካ የለም፤ ምርጫ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ያለ ባለ ጠመንጃ ከሌላው ለመለየት ከሺህ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ይገዛል።

አምደወርቅ ሚሊሻ የሆነ የእህቴ ልጅ በቅርቡ በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ከወረዳ በፈቃድ የያዘው ክላሽ ነው፤ የቀድሞው ሰደፍ ተሰንጥቆ የሚሳብ የሚረዝም ጥቁር ፕላስቲክ አግኝቶ ሊገጥምበት አስቧል። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ቀላል ነው፤ ውሃ አይጠጣም» አለኝ።

«የተሰነጠቀው የቱ ጋ ነው?»

«አንገቱ ላይ።»

በሬ የሚያርድ ሰው በአካባቢው እንዳለ ጠየቅሁት። ነገሩ ገብቶት ሳቀ። ጥሬ ቆዳማ አይቼ አላውቅም፣ ማን ይሰፋልኛል አለኝ። የጠይቡ የልጅ ልጅ ሰቆጣ ብረታ ብረት ቤት ከፍቶ በርና መስኮት እንደሚሠራ፣ ጥሩም እንደሚያገኝ ነገረኝ፤ ሰደፍ ግን ነክቶ አያውቅም። እንጨት የሚጠርብ ይገኛል፣ ነገር ግን ባሕር ዛፍ እንጂ ዋንዛ የለም አለኝ። ባሕር ዛፍ ሰደፍ አይሆንም፣ ይጣመማል አልኩት። እንግዲያ ወይራ ላስጠርብ ወይ ሲለኝ፣ ወይራ ይከብድሃል ልለው ስል አጎቴ ትዝ አለኝና፣ «ካገኘህ ይሁን፤ ብቻ አንድ በጋ ይድረቅ» አልኩት።

«እስከዚያስ በምን ልያዘው?» አለኝ።